አማካይና ሚዲያን በወልቂጤና በቡታጅራ ገበያ

በወልቂጤና በቡታጅራ የአንድን ሱቅ የወር ሽያጭ ለመገመት ከአማካይ ይልቅ ሚዲያን (የወራቱ ሽያጭ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደር መሃል ላይ የሚውለው ቁጥር) ይሻላል፤ መስከረም 17 የሚከበረው መስቀል የጉራጌን ተወላጅ ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ወደ ቀዬው ስለሚጠራ የቅቤና የሰንጋ ግዢ በጥቂት ቀናት ይከማቻል። ለምሳሌ ቅቤ ነጋዴ በ11 ወራት በየወሩ 40,000 ብር፣ በመስከረም ብቻ 400,000 ብር ቢሸጥ አማካዩ 70,000 ይሆናል። በዚህ ሒሳብ የሱቅ ኪራይ የተዋዋለ ሰው ዓመቱን ሙሉ ይቸገራል። ሚዲያኑ ግን 40,000 ነው፤ የተራውን ወር እውነት የሚናገረው እሱ ነው።

ነጋዴ ገበያውን በልምድ ያውቀዋል የሚሉ አሉ። ልምዱ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሆኖም ትዝታ የደራውን ቀን ያጎላል፣ የቀዘቀዘውን ይረሳል፤ የዕለት ሽያጭ መዝገብ ሁለቱንም ይይዛል። አማካይም ቢሆን አይጣልም፦ በ12 ሲባዛ የዓመቱን ሽያጭ፣ 840,000 ብር፣ ስለሚሰጥ ለግብር እና ለብድር ጥያቄ ያስፈልጋል።