ኮክ ለምን ሸዋ ሮቢት አይወርድም? የይፋት ፍራፍሬ ታሪክ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ጣርማበር ላይ ብርድ ይገርፈዋል። ደብረ ሲናን አልፎ ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ደግሞ ሹራቡን አውልቆ ማንጎና ፓፓያ ይገዛል። መንገዱ አጭር ነው፤ ለፍራፍሬ ግን ሁለት አገር ነው። ላይኛው ደጋ ለኮክና ለፕሪም ይስማማል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ደግሞ የማንጎና የሎሚ አገር ናት።

በግማሽ በርሜል ተተክሎ በአንድ ግንድ ላይ ኮክ፣ ፕሪምና አፕሪኮት የሚያፈራ ዛፍ መሥራት ይቻላል። ተረት አይደለም፤ ሦስቱም የአንድ ወገን ዕፅዋት ስለሆኑ የአንዱ ቅርንጫፍ በሌላው ግንድ ላይ ይጣበቃል። ሸዋ ሮቢት ላይም መጣበቁ ላያስቸግር ይችላል፤ ችግሩ ፍሬው ላይ ነው። ኮክ ቅጠሉን አራግፎ የሚተኛ ዛፍ ነው። በደንብ ነቅቶ እንዲያብብ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ብርድ ለብዙ ሰዓታት ማግኘት አለበት፤ አብዛኞቹ ዝርያዎች በመቶዎች የሚቆጠር ሰዓት ይፈልጋሉ። የቆላ ሌሊት ይህን አይሰጥም። እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ተነጫንጮ፣ አንዱ ቅርንጫፍ ሲያብብ ሌላው ባዶውን ይቀራል።

ታዲያ የይፋት ቆላ በፍራፍሬ ድሃ ነበር ማለት አይደለም። በ14ኛው መቶ ዘመን የማምሉክ ጸሐፊ የነበረው አል-ዑመሪ (የሞተው በ1349 እ.ኤ.አ. ነው) ኢትዮጵያን ሳያይ፣ ከአገሩ ሰዎች ጠይቆ ስለ ይፋት ሱልጣኔት ጽፏል። ሙዝ፣ ሎሚ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ ጫትም ሳይቀር ይጠቅሳል። ያኔ ይፋት በወላስማ ሥርወ መንግሥት ሥር ሆና ከዘይላ ወደብ ጋር የምትነግድ አገር ነበረች። በተዳፋቶቿ ላይ እንደ ኖራ ባሉ ቦታዎች የድንጋይ መስጊዶች ፍርስራሽ ዛሬም ይታያል።

ቋንቋችንም የሚመሰክረው አለው። ሙዝ፣ ሎሚና ትርንጎ ስማቸው ከዓረብኛ ጋር የተያያዘ ነው፤ የደጋው ኮክ እንኳ ከዓረብኛው «ኸውኽ» የመጣ ነው። ብርቱካን ግን ኋላ የመጣ ነው፦ ስሙ ከፖርቱጋል አገር ስም የተወሰደ ስለሆነ፣ አል-ዑመሪ ሲጽፍ ቃሉ ገና አልተወለደም ነበር። (ስሙ በመጣበት መንገድ ፍሬውም መጣ ብሎ መደምደም ግን የዋህነት ነው።)

ቅርንጫፍን በሌላ ግንድ ላይ የማጣበቅ ሐሳብ ራሱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሮሜ ምዕራፍ 11 ላይ ጳውሎስ የዱር ወይራን ቅርንጫፍ ከመልካሙ ወይራ ጋር አያይዞ ይናገራል፤ ሊቃውንቱም ምሳሌውን ለዘመናት ሲተረጉሙት ኖረዋል። በማንጎ ላይ ግን ጥበቡን ያስፋፉት በሕንድ ጎዋ የሰፈሩት ፖርቱጋሎች ናቸው ይባላል፤ ዝነኛው አልፎንሶ ማንጎም የተሰየመው በአፎንሶ ደ አልቡከርክ ስም ነው። እነዚሁ ፖርቱጋሎች በ1541 እ.ኤ.አ. ወደ እኛ የላኩት 400 ያህል ወታደር ነበር። የማንጎ አትክልተኛ ቢጨምሩበት ምን ነበረበት!

እኛ ገበያ ላይ «የተዳቀለ ማንጎ» የምንለው በትክክል ቢነገር የተዳቀለ አይደለም። ማዳቀል ዘርን ከዘር መቀላቀል ነው። በግራፍቲንግ ግን ሥሩ የአገር ማንጎ፣ አናቱ ኬንት ሆኖ ይቀራል፤ ሁለቱም ማንነታቸውን አይለቁም። የሚገናኙት ከቅርፊቱ ሥር ባለችው ካምቢየም በምትባል ስስ ሽፋን ነው። ይህች ሽፋን ከአቻዋ ጋር ካልተነካካች፣ የቱንም ያህል በፕላስቲክ ብናስረው ቁራጩ ይደርቃል።

የሸዋ ሮቢት ሰው በበርሜል ብዙ ዓይነት ፍሬ ከፈለገ እንግዲህ መንገዱ ማንጎ ነው። እሱም ቢሆን በውስጡ አንድ ጠንካራ ፍሬ ያለው የኮክ ቢጤ ነው፤ ዝምድና ስለሌላቸው ግን ኮክን ማንጎ ላይ ማጣበቅ አይቻልም። እርሳስ የሚያህል የአገር ማንጎ ችግኝ ላይ መጀመሪያ አንዱን፣ ቅርንጫፍ ሲያወጣ ሌላውን ማጣበቅ ይቻላል። ቶሚ አትኪንስ ቀድሞ ይደርሳል፣ ኬንት ይከተላል፣ ኬይት ይዘገያል። ሦስቱም ፍሎሪዳ ውስጥ በ20ኛው መቶ ዘመን የተመረጡ ሲሆኑ እኛ ዘንድ መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል አስተዋውቋቸዋል። ትርፉ ቀላል አይደለም፦ ከዘር የበቀለ ማንጎ ለማፍራት ብዙ ዓመት ያስጠብቃል፤ ሁሉም ባንዴ ሲበስል ደግሞ መንገድ ዳር ዋጋው ይወድቃል።

በርሜሉ ከታች መበሳት አለበት፤ ጥቁር ከሆነ በቆላ ፀሐይ ሥሩን ስለሚያግል ነጭ ቀለም ይቀባ ወይም ጥላ ይሁንለት። በመስኖ ውኃ ጨው እንዳይጠራቀም አልፎ አልፎ ውኃው ከታች እስኪወጣ ድረስ ማጠጣት ያስፈልጋል። ከሦስቱ አንዱ ፈጥኖ ማደጉና የሌሎቹን ብርሃን መሻማቱ አይቀርም፤ ስለዚህ መቀስ የሚያርፈው በጉልበተኛው ላይ ነው። ከግራፍቱ በታች የሚያቆጠቁጠውን የአገር ማንጎ ደግሞ ወዲያው መቁረጥ ነው፤ ዝም ካሉት በጥቂት ዓመት ዛፉ በሙሉ የእሱ ይሆናል።