የአሸዋ ጭልፋ ይዞ ቁስቋም

ለጥምቀት ከፍሎሪዳ የመጡት የጓደኛችን አጎት ሻንጣቸውን ሲፈቱ ከሽቶውና ከጫማው መሀል ስሙን የማናውቀው ዕቃ ወጣ። አካፋ ነው እንዳንል እንደ ወንፊት ተበሳስቷል፤ ወንፊት ነው እንዳንል የአካፋ አፍ አለው። እጀታው ተፈትቶ ለብቻው ታስሯል። «የአሸዋ ጭልፋ በሉት» አሉን ጋሼ፣ ግራ መጋባታችን ገብቷቸው።

እሳቸው በሚኖሩበት የባሕር ዳርቻ ጡረተኛው ሁሉ ጠዋት ጠዋት ዲቴክተር የሚባለውን የብረት መፈለጊያ እያወዛወዘ ይሄዳል አሉ። መሣሪያው ጢው ሲል ጭልፋውን አሸዋው ውስጥ ሰክቶ መዛቅ፣ መነቅነቅ፤ አሸዋው በቀዳዳው ይወርዳል፣ ዋናተኛ የጣለው ቀለበት ወይም ሳንቲም ይቀራል። ጭልፋ መምረጥ ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ያወቅነው ያን ቀን ነው። ለደረቅ አሸዋ አጭር የፕላስቲክ ይበቃል፤ ቀላል ነው፣ ብረት ስላልሆነም መሣሪያውን በከንቱ አያስጮኸውም። ውሃ ለጠጣ አሸዋ ግን ፕላስቲኩ ይሰበራል፤ በእግር እየተረገጠ የሚገባ፣ ረዥም እጀታ ያለው የማይዝግ ብረት ያስፈልጋል። ከዚያ የቀዳዳው ነገር አለ። ጠባብ ከሆነ የጆሮ ጌጥ እንኳ አያመልጥም፣ እርጥቡ አሸዋ ግን እንቢ ብሎ ክንድ እስኪዝል ያስነቀንቃል። ሰፊ ከሆነ አሸዋው ቶሎ ይወርዳል፣ ቀጭን ሐብልም አብሮ ይወርዳል። ጋሼ ሁለቱንም ዓይነት ገዝተው ነበር የመጡት።

አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር የላትም፤ የቀረን ጣና ነው። ስለዚህ ወደ ጎርጎራ ወረድን። ጣና ደግሞ በዚያ በኩል የሚበዛበት ጭቃ ነው። ጭልፋው ጭቃውን ዘቆ ያዘው እንጂ አንዲት ቀዳዳ አላሳለፈም። እኛ በእንጨት እየጎረጎርን፣ ጋሼ እያላባቸው፣ እስከ ምሳ ድረስ ሦስት የቢራ ቆርኪና አንድ አሥር ሳንቲም አገኘን። (አሥር ሳንቲሟን ለማስታወሻ ይዘናታል።)

በጋሼ ላይ መሳቃችን አልቀረም፤ ግን ነገሩ የፈረንጅ ጨዋታ ብቻ መስሎን ከሆነ ተሳስተናል። አሸዋን ከሀብት መለየት በኢትዮጵያ የቆየ ሥራ ነው። በቤኒሻንጉልና በጉጂ ባህላዊ የወርቅ አምራቾች እስከ ዛሬ የሚይዙት የእንጨት ገበቴ ነው፤ ገበቴ ደግሞ አንዲት ቀዳዳ የለውም። ወርቅ ከተራ አሸዋ ሰባት እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ ገበቴውን ውሃ ውስጥ እያዞሩ ሲያጥቡት ቀላሉ አሸዋ በጠርዙ ይፈሳል፣ ከባዱ ጥቁር አሸዋና ወርቁ ከሥር ይቀራሉ። የደቀቀን ወርቅ በጋሼ ጭልፋ መፈለግ ጤፍን በአጥር መንፋት ነው። የባሕር ዳርቻው ሰው በመጠን ይለያል፣ የእኛ ወርቅ አጣቢ በክብደት።

እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 እዚህ አገር የነበረው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ትምህርት በራሱ ላይ አግኝቶታል። አክሱም ላይ ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ቁጥር ትልቅ ትንሽ ሳይል ሰው ሁሉ ወጥቶ በእርሻው መሀል ወርቅ ሲፈልግ አየ፤ ዝናቡ አፈሩን አጥቦ ወርቁን ያወጣዋል ይባል ነበር። አልቫሬዝም በአገሩ እንደሚደረገው ሳንቃ አበጅቶ አፈር ያጥብ ጀመር። ምንም አላገኘም። ማጠብ ባለማወቁ ይሁን፣ ወርቁን አይቶ ባለመለየቱ ይሁን፣ ወይም ወርቅ ባለመኖሩ፣ እሱም አልገባው፤ ይህንኑ ሳያፍር ጽፎታል። ሰውዬውን የወደድነው በዚህች ነው። ያልተሳካለትን የሚጽፍ መንገደኛ ብዙ አይገኝም።

ጋሼ ግን ከጎርጎራ ሲመለሱ ልባቸው ሌላ ቦታ ነበር። «ነገ ቁስቋም» አሉን።

እዚህ ላይ ሳቃችን ቆመ። ጎንደር ያደገ ሰው ሁሉ ስለ ተቀበረ ወርቅ ሳይሰማ አላደገም፤ ከግንቡ ሥር አለ፣ ከዋርካው ሥር አለ እየተባለ። እቴጌ ምንትዋብ ደግሞ ለዚህ ወሬ የተመቹ ናቸው። ባላቸው አጼ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲያርፉ ሥልጣኑን በልጃቸው በኢያሱ ስም ይዘው፣ ከከተማው በስተሰሜን ምዕራብ ባለው ኮረብታ ላይ ግንባቸውንና ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን አሠሩ። ስሙ የመጣው ቅድስት ማርያም ልጇን ይዛ ከተሰደደችበት የግብፁ ቁስቋም ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ የእቴጌዋን ቤተሰብ ልጆች ከፈንጣጣ ያከመው እዚሁ ነው። ወርቅም አልጠፋም፤ ከምዕራቡ ቆላ እየመጣ በወቄት ይመዘን ነበር።

እንግዲህ ዲቴክተሩ ቁስቋም ላይ ቢጮህ የሚጮኸው ለምን ይሆን ብለን አሰብን። ለጎንደር ነገሥታት ሳንቲም አይሆንም፤ የጎንደር ነገሥታት ሳንቲም አልመቱም። ከአክሱም በኋላ፣ ሐረርን ሳንቆጥር፣ በዚህ አገር ሳንቲም የተመታው በ1887 ዓ.ም. በምኒልክ ጊዜ ነው። የገበያው ገንዘብ አሞሌ ጨው ነበር፤ ለአሞሌ ደግሞ ምንም ዲቴክተር ጢው አይልም። ማርያ ቴሬዛ ብር ቢወጣስ? 1780 የሚል ከተጻፈበት የእቴጌዋ አይደለም፤ እሳቸው ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1773 ነው። የቁስቋም እውነተኛ ሀብት ለደብሩ የተተከለው ርስት፣ ሐሩ፣ የብራና መጻሕፍቱ ነበር። አንዱም አይጮህም።

የሚጮኸውን መገመት አይከብድም። ምስማር። ቆርቆሮ። የጥይት ቀለህ። ጣሊያን በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የተሸነፈው ጎንደር ነው፤ ጄኔራል ናሲ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ሲሆን ከዚያ በፊት ወልቀፊትና ቁልቋል በር ላይ ለወራት ተተኩሷል። የወልቀፊትን ዙሪያ በመሣሪያ የሚያስስ ሰው ከወርቅ ይልቅ ያልፈነዳ ነገር እንዳያገኝ ያሰጋል።

ጋሼ አልተረቱም። «ምስማርም ቢሆን የታሪክ ምስማር ነው» አሉ። እኛም ሌሊቱን ስንከራከር ያደርነው በዚህች ቃል ነው፤ ምክንያቱም ልክ ናቸው፣ ግን ምስማሩ በቦታው ሳለ ብቻ። የባሕር ዳርቻ አሸዋ ማዕበል ሲያገላብጠው የሚኖር ነው፤ ቀለበቱ ከላይ ይሁን ከታች የሚናገረው ነገር የለም። ለእንዲህ ዓይነቱ አሸዋ የተበሳሳ ጭልፋ ትክክለኛ መሣሪያ ነው፤ አፈሩ ይውረድ፣ ዕቃው ይቅር። ቁስቋም ግን እንደዚያ አይደለም። በጥር 1880 ዓ.ም. የአቡ አንጃ ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም ነድዷል። ከሥር የእቴጌዋ ዘመን ወለል፣ ከላዩ የዚያ ቃጠሎ አመድ፣ ከአመዱ በላይ በኋላ የተሠራው። አመዱ ውስጥ የተገኘ ምስማር ስለዚያ ቀን የሚመሰክር ነው፤ በጭልፋ ከተነቀነቀ በኋላ ግን ቁራሌው በኪሎ የሚገዛው ብረት ይሆናል። በቀዳዳው የወረደው አመድ ነበር ታሪኩ። የቅርስ ቆፋሪዎች ወንፊት ይይዛሉ እኮ ትሉን ይሆናል። ይይዛሉ፤ የሚነፉት ግን በማንኪያ የማይሻል ትንሽ መጥረጊያ እየፋቁ፣ እያንዳንዱን ንብርብር ለይተው፣ ለክተውና ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ነው።

ሕጉም አለ። ጋሼ የሰሙት የ1952ቱን ፍትሐ ብሔር ነው፤ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የተቀበረ፣ ባለቤት የሌለው ሀብት ለቦታው ባለቤት ሆኖ ያገኘው ሰው የዋጋውን ግማሽ ይወስዳል የሚለውን። የ1992ቱ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ግን ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ከልክሎ፣ በአጋጣሚ ያገኘም ወዲያው እንዲያሳውቅ አዟል። ቁስቋም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 ከፋሲል ግቢ ጋር በዩኔስኮ መዝገብ የገባች ናት። ይህን ሁሉ ስንነግራቸው «እናንተ ልጆች ጋዜጠኝነት ነው ወይስ ጠበቃነት የተማራችሁት?» አሉን።

በማግስቱ መሣሪያው ሻንጣ ውስጥ ቀረ፣ ጭልፋውን ግን በግትርነት ይዘውት ወጡ። ደጁ ላይ ተቀምጠው የነበሩ አንድ የደብሩ አባት መስቀል ካሳለሙን በኋላ ያንን የተበሳሳ ነገር ትክ ብለው አዩና ምን እንደሆነ ጠየቁ። ጋሼ እየተንተባተቡ አስረዱ፤ የተቀበረ ነገር መፈለጊያ ነው፣ እዚህ እንኳ ልንፈልግበት አይደለም፣ ወዘተ።

«ልጄ» አሏቸው አባ፣ «እዚህ የተቀበረውማ ይታወቃል። እቴጌይቱ አሉ፣ ልጃቸው ኢያሱ አሉ፣ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ አሉ። ሌላ ማን ጠፍቶብህ ነው?»

ከዚያ ወስደው አሳዩን። የሦስቱ አጽም መስታወት ባለው ሣጥን ውስጥ ነው። ጋሼ ጭልፋውን ከውጭ ግድግዳው ላይ አስደግፈው ገቡ፣ ብዙ ቆዩ፣ ሲወጡም ምንም አላሉም። ግንቡን ስንዞር ግን በቀላዩ ድንጋይ የተቀረጹትን መስቀሎች አንድ በአንድ በእጃቸው እየዳሰሱ ቆጠሩ።

ሲመለሱ ሻንጣቸው በበርበሬና በሽሮ ሞልቶ ስለነበር ጭልፋው እዚሁ ቀረ። ከመካከላችን የአንዷ እናት ከሰል ይነፉበታል። ዱቄቱ ይወርዳል፣ ፍሙ የሚሆነው ይቀራል፤ ቀዳዳው ልክ ነው ይላሉ። እጀታው ረዝሞባቸው አስቆርጠውታል።