የስልክ ቃል ለማን ይመሰከራል?

አንድ ዘመዴ በኢንተርኔት የሥራ መድረክ በኩል ለውጭ አገር ደንበኛ ሰነድ ይተረጉም ነበር። በመሀል ደንበኛው ስልክ ደውሎ «ሃያ ገጽ ጨምርልኝ፤ እከፍላለሁ» አለው። ሠርቶ አስረከበ፤ የጭማሪው ገንዘብ ግን አልመጣም። እኔ ዘንድ ሲመጣ በእጁ የነበረው «ተስማምተን ነበር» የሚል ቃል ብቻ ነው።

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1719 መሠረት ውል በመርህ ደረጃ ልዩ ፎርም አያስፈልገውም። ቁጥር 2001 ግን ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ሰው የግዴታውን መኖር እንዲያስረዳ ይጠይቃል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል።

ይሁንና ለሃያ ገጽ ዋጋ ባሕር ተሻግሮ የሚካሰስ የለም። የእንዲህ ያለ ሠራተኛ ችሎት መድረኩ ራሱ ነው፤ መድረኩ ደግሞ በስልክ የተባለውን አልሰማም።

ስለዚህ ሥራው፣ ዋጋውና የማስረከቢያው ቀን በመድረኩ የመልእክት ሳጥን ይስፈር። በስልክ የተባለውን ወዲያው «እንደተነጋገርነው» ብላችሁ ጻፉ፤ «አዎን» የሚል መልስ ሳይመጣ ጭማሪውን አትጀምሩ። ቅጂም አስቀሩ።

ይህ ደንበኛውንም ይጠቅመዋል፤ ያላዘዘውን ክፈል አይባልም። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው።