ለማ መገርሳ

ለማ መገርሳ ኢትዮጵያዊ ፖለቲከኛ ሲሆኑ ከጥቅምት 2009 ዓ.ም. እስከ ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የኦሮሚያ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ርዕሰ መስተዳድር፣ ከዚያም እስከ ነሐሴ 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መከላከያ ሚኒስትር ነበሩ። ከርዕሰ መስተዳድርነታቸው በፊት የክልሉ ምክር ቤት የሆነው የጨፌ ኦሮሚያ አፈ ጉባኤ ሆነው ሠርተዋል። በ2010 ዓ.ም. ኢሕአዴግን ከውስጥ የለወጠው ቡድን በስማቸው «ቲም ለማ» ተብሎ ይጠራል። ሆኖም ቡድኑ ለጠቅላይ ሚኒስትርነት ያቀረበው እርሳቸውን ሳይሆን ዐቢይ አሕመድን ነበር። ለዚህ ዋናው ምክንያት የመቀመጫ ጉዳይ ነው፤ ለማ የተመረጡት ለክልሉ ጨፌ እንጂ ለፌዴራሉ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አልነበረም።

ወደ ፖለቲካ አመጣጥ

ለማ የተወለዱት በምሥራቅ ወለጋ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፖለቲካል ሳይንስ ተምረዋል። የፖለቲካ ሕይወታቸው ያለፈው በ1982 ዓ.ም. በተመሠረተውና ከኢሕአዴግ አራት አባል ድርጅቶች አንዱ በነበረው በኦሮሞ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት (ኦሕዴድ) ውስጥ ነው። በክልሉ መንግሥት የአስተዳደርና ጸጥታ ቢሮን በኃላፊነት መርተዋል። እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ ስማቸው ከድርጅቱ ውጭ እምብዛም አይታወቅም ነበር፤ ከፊታቸው ክልሉን ከመሩት መካከል አባዱላ ገመዳ በጄኔራልነታቸውና በመከላከያ ሚኒስትርነታቸው ቀድመው የታወቁ ነበሩና ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል።

ጨፌ ኦሮሚያና አዳማ

የኦሮሚያ ርዕሰ መስተዳድር በቀጥታ በሕዝብ ድምጽ አይመረጥም። ሕዝቡ በየምርጫ ክልሉ የጨፌ አባላትን ይመርጣል፤ ጨፌው ደግሞ ከአባላቱ መካከል ርዕሰ መስተዳድሩን ይመርጣል። ስለዚህ በማንም የኦሮሚያ መሪ የምርጫ ታሪክ ውስጥ ሁለት ድምጾች አሉ፦ አንዱ በምርጫ ጣቢያ፣ ሌላው በጨፌው አዳራሽ የሚሰጥ። በተግባር ግን ከሁለቱም በፊት የሚወስነው የድርጅቱ ማዕከላዊ ኮሚቴ ነበር።

ጨፌው የሚሰበሰበው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በስምጥ ሸለቆዋ አዳማ ነው። የክልሉ ዋና ከተማ በ1992 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ እንዲዛወር ተወስኖ ብርቱ ተቃውሞ አስነሥቶ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግስት ውሳኔው ተሽሮ የክልሉ መንግሥት ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። የጨፌው ስብሰባዎች ግን በአዳማ ቀጠሉ፤ የክልሉ መሪዎች የሚሾሙትና የሚሰናበቱትም እዚያው ነው።

ግንቦት 16 ቀን 2007 ዓ.ም. በተካሄደው አምስተኛው አጠቃላይ ምርጫ ኦሕዴድ የጨፌውን 537 መቀመጫዎች በሙሉ አሸነፈ። ኦሮሚያ በፌዴራሉ ምክር ቤት ያሏት 178 መቀመጫዎችም አንድ ሳይቀር የእርሱ ሆኑ። ከምርጫው በኋላ ለማ የጨፌው አፈ ጉባኤ ሆኑ። ተቃዋሚ አንድም መቀመጫ በሌለው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ መሆን ብዙ ክርክር የሚመሩበት ሥራ አልነበረም።

ምርጫው ከተካሄደ ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም.፣ ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ በመላው ኦሮሚያ ተዛመተ። መነሻው አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር የሚያስተሳስረው የተቀናጀ ማስተር ፕላን ነበር። ፕላኑ በጥር 2008 ዓ.ም. ቢሰረዝም ተቃውሞው አልበረደም፤ 537ቱም መቀመጫዎች የአንድ ድርጅት መሆናቸው ሕዝቡ በድርጅቱ ረክቷል ማለት እንዳልነበረ በግልጽ ታየ።

ርዕሰ መስተዳድርነት

በመስከረም 2009 ዓ.ም. የኦሕዴድ ማዕከላዊ ኮሚቴ ሊቀ መንበሩን ሙክታር ከድርንና ምክትላቸውን አስቴር ማሞን አሰናብቶ ለማን ሊቀ መንበር፣ ወርቅነህ ገበየሁን ምክትል ሊቀ መንበር አድርጎ መረጠ። ቀናት ሳይቆዩ፣ መስከረም 22፣ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ሐይቅ ዳር በተከበረው የኢሬቻ በዓል ላይ የጸጥታ ኃይሎች አስለቃሽ ጭስ ሲተኩሱ በተፈጠረው መረጋገጥ በርካታ ሰዎች ሞቱ። መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር ከ50 በጥቂት የሚበልጥ ሲያደርገው ተቃዋሚዎች እጅግ ከፍ ያለ ቁጥር ተናገሩ። በሳምንቱ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ጨፌው ለማን ርዕሰ መስተዳድር አድርጎ የመረጠው በዐዋጁ ውስጥ፣ በጥቅምት ወር ነው።

በዚሁ ሰሞን ዐቢይ አሕመድ ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስትርነት ተነሥተው በክልሉ መንግሥት በምክትል ርዕሰ መስተዳድር ማዕረግ ተመደቡ። ከፌዴራል ሥልጣን ወደ ክልል ቢወርዱም በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያላቸውን መቀመጫ እንደያዙ ነበር፤ ያን ጊዜ ማንም ልብ ያላለው ይህ ነገር ከዓመት ተኩል በኋላ ወሳኝ ሆኗል።

ለማ ከቀደሟቸው የተለዩት በአነጋገራቸው ነው። የመንግሥት መግለጫ በለመደው ደረቅ ቋንቋ ሳይሆን በኦሮምኛም በአማርኛም ሰው በሚናገረው ቋንቋ ይናገሩ ነበር፤ የራሳቸውን ድርጅት ጥፋትም በአደባባይ ያነሡ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ኢሬቻ፣ መስከረም 21 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ የታጠቀ ኃይል ወደ በዓሉ ሥፍራ እንዳይገባ ተደርጎ በዓሉ በሆራ አርሰዲ በሰላም ተፈጸመ። በአባ ገዳዎችና በወጣቶች አስተባባሪነት የተከናወነው ይህ በዓል ለክልሉ አስተዳደር ትልቅ ፖለቲካዊ ድል ነበር።

በዚያው ጊዜ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን የተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አፈናቀለ። የክልሉ መንግሥት ከተፈናቃዮቹ ከፊሉን አዳማን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች አሰፈረ። ለማ በአዲስ አበባ ዙሪያ ስለተደረገው ሠፈራ የተናገሩት በ2011 ዓ.ም. በማኅበራዊ መገናኛ ብዙኃን ሲሰራጭ ግን ከተማዋን ከሕዝብ ስብጥር አንጻር ለመለወጥ የታሰበ ነው የሚል ጠንካራ ተቃውሞ ገጠማቸው፤ ከኦሮሚያ ውጭ ያገኙት ድጋፍም በዚህ ቀነሰ።

የባሕር ዳር ጉዞ

በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ከኦሮሚያ የሄዱ ወጣቶች የጣና ሐይቅን የወረረውን እንቦጭ ለመንቀል ወደ አማራ ክልል ተጓዙ፤ መፈክራቸው «ጣና ኬኛ» (ጣና የእኛ ነው) የሚል ነበር። በጥቅምት ወር መጨረሻ ለማ ራሳቸው አባ ገዳዎች፣ ሽማግሌዎችና አርቲስቶች ያሉበትን ከ200 በላይ ሰው የያዘ ልዑክ መርተው ባሕር ዳር ገቡ፤ የተቀበሏቸው የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድር ገዱ አንዳርጋቸው ነበሩ። «ኢትዮጵያዊነት ሱስ ነው» የሚለው በሰፊው የተጠቀሰው ንግግራቸው የተሰማው በዚህ መድረክ ነው።

ጉዞው ከንግግሩ ይልቅ በድምጽ ስሌቱ ይበልጥ ይመዘናል። የኢሕአዴግ ምክር ቤት 180 አባላት የነበሩት ሲሆን ሕወሓት፣ ብአዴን፣ ኦሕዴድና ደኢሕዴን የወከሏቸው ሕዝቦች ብዛት ምንም ይሁን ምን እኩል 45 ድምጽ ነበራቸው። ኦሕዴድ ብቻውን ምንም ማስወሰን አይችልም፤ ከብአዴን ጋር ሲቆም ግን ግማሹን ድምጽ ይይዛል። ኋላ «ኦሮማራ» የተባለው መቀራረብ ክብደቱ እዚህ ላይ ነበር።

የመቀመጫው ጥያቄ

የካቲት 2010 ዓ.ም. ሁሉም ነገር በቀናት ውስጥ የተለዋወጠበት ወር ነው። በኦሮሚያ ከተሞች የሥራ ማቆም አድማ እየተካሄደ ሳለ፣ የካቲት 6፣ የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ ምክትል ሊቀ መንበር በቀለ ገርባ ከእስር ተፈቱ፤ አዳማም በሕዝብ ተጥለቅልቃ ተቀበለቻቸው። በማግሥቱ ማግሥት፣ የካቲት 8፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን አስታወቁ።

የኢሕአዴግ ሊቀ መንበር የሚሆነው ሰው ጠቅላይ ሚኒስትር መሆኑ የተለመደ ነበር፤ ለዚያ የሚታጨውም የአባል ድርጅት ሊቀ መንበር ነበር። የኦሕዴድ ሊቀ መንበር ለማ ነበሩ፤ በሕዝብም ዘንድ ከሁሉ ይልቅ የሚጠራው ስማቸው ነበር። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 73 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል እንደሚመረጥ ይደነግጋል። በ2007 ዓ.ም. ለጨፌ የገቡት ለማ ይህን አያሟሉም ነበር።

በሌሎች የፓርላማ ሥርዓቶች ለእንዲህ ያለው ችግር መውጫ አለ። በህንድ የምክር ቤት አባል ያልሆነ ሰው ተሾሞ በስድስት ወር ውስጥ መቀመጫ እንዲያገኝ ይፈቀድለታል። በብሪታንያም አሌክ ዳግላስ ሆም እ.ኤ.አ. በ1963 የመኳንንቱ ምክር ቤት አባል ሳሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ማዕረጋቸውን ከተዉ በኋላ በማሟያ ምርጫ ታችኛው ምክር ቤት ገብተዋል። የኢትዮጵያው ድንጋጌ ግን አባልነቱን ከሹመቱ በፊት ይጠይቃል፤ አገሪቱ በዐዋጅ ሥር ሳለች ማሟያ ምርጫ ለማካሄድ ጊዜም አልነበረም።

ስለዚህ የካቲት 15 የኦሕዴድ ማዕከላዊ ኮሚቴ ቦታ አቀያየረ፦ ዐቢይ ሊቀ መንበር፣ ለማ ምክትል ሊቀ መንበር ሆኑ። በአፍሪካ ፖለቲካ በሥልጣኑ ጫፍ ላይ ያለ ሰው ወንበሩን በፈቃዱ ለባልደረባው ሲለቅ ማየት የተለመደ ባለመሆኑ እርምጃው ብዙ ሙገሳ አስገኝቶላቸዋል።

ለማ በምክር ቤቱ አለመኖራቸው በሌላም አጋጣሚ ታይቷል። የካቲት 23 አዲሱ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ 88 አባላት ተቃወሙ፤ ይህ የአገዛዙ ድርጅቶች ሁሉንም መቀመጫ በያዙበት ምክር ቤት ያልተለመደ ነበር። የድጋፍ ድምጹ መጀመሪያ 346 ተብሎ ተነገረ፤ ይህ ለዐዋጁ ከሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ያነሰ ሲሆን ኋላ 395 ነው ተብሎ መስተካከሉ ክርክር አስነሣ። የክልሉ መሪ በዚያ ድምጽ ላይ ተጽዕኖ ማሳደር የሚችሉት ከውጭ ሆነው ብቻ ነበር።

መጋቢት 18 የኢሕአዴግ ምክር ቤት ድምጽ ሲሰጥ ደመቀ መኮንን ራሳቸውን ከዕጩነት አገለሉ። ዐቢይ 108፣ ሽፈራው ሽጉጤ 59፣ ደብረ ጽዮን ገብረ ሚካኤል 2 ድምጽ አገኙ። 108 ድምጽ ከኦሕዴድ 45 አባላት ብቻ ሊመጣ አይችልም። ዐቢይ መጋቢት 24 ቀን ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

ከርዕሰ መስተዳድርነት ወደ መከላከያ

ለማ ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ክልሉን መርተዋል። ነሐሴ 1 ቀን 2010 ዓ.ም. አሥመራ ላይ ከኦሮሞ ነጻነት ግንባር ሊቀ መንበር ዳውድ ኢብሳ ጋር የተፈራረሙት ስምምነት የግንባሩ አመራር በመስከረም 2011 ዓ.ም. ወደ አገር እንዲመለስ መንገድ ከፈተ። የታጣቂዎቹ ትጥቅ አፈታት ግን ወዲያው አወዛጋቢ ሆነ፤ በምዕራብ ኦሮሚያም ግጭቱ እንደገና አገረሸ። ድርጅቱ በዚሁ መስከረም ጅማ ላይ ባካሄደው ጉባኤ ስሙን ወደ ኦሮሞ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ ሲለውጥ ለማ ምክትል ሊቀ መንበር ሆነው ቀጠሉ።

ሚያዝያ 10 ቀን 2011 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመከላከያ ሚኒስትርነታቸውን አጸደቀ። ለሚኒስትርነት የምክር ቤት አባል መሆን ግዴታ አይደለም። ክልሉን የተረከቡት ሽመልስ አብዲሳ ደግሞ በተራቸው የጨፌው አባል አልነበሩም፤ በመሆኑም የተሾሙት በምክትል ርዕሰ መስተዳድርነት ሆኖ ክልሉን በዚሁ ማዕረግ መሩ።

ከዐቢይ ጋር የተፈጠረው መለያየት በይፋ የወጣው በኅዳር 2012 ዓ.ም. ነው። ኢሕአዴግ ፈርሶ ከሕወሓት በስተቀር አባልና አጋር ድርጅቶቹ በብልጽግና ፓርቲ ሲዋሐዱ ለማ ለአሜሪካ ድምጽ የኦሮምኛ ዝግጅት በሰጡት ቃለ ምልልስ ውሕደቱን እንደማይቀበሉ፣ ጊዜውም እንዳልሆነ ተናገሩ። ወራት ካለፉ በኋላ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ፓርቲው ከጠይባ ሐሰንና ከሚልኬሳ ሚደጋ ጋር ከአመራርነት አገዳቸው። ነሐሴ 12 ቀን ከሚኒስትርነት ተነሥተው ቀንዓ ያደታ ተተኩ።

የ2007ቱ ምርጫ ያስገኘው የጨፌ ዘመን ያበቃው በሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ምርጫ ነው። በዚህ ምርጫ ሽመልስ አብዲሳ የጨፌ መቀመጫ አገኙ፤ አዲሱ ጨፌም በመስከረም 2014 ዓ.ም. ርዕሰ መስተዳድር አድርጎ መረጣቸው።