አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፤ ፍሬን ሲበጠስ ተጠያቂው ማን ነው?

በአገራችን የመኪና አደጋ በደረሰ ቁጥር «ፍሬን በጥሶ ነው» የሚል ቃል ይሰማል። ፍሬኑ ለምን በጠሰ? ዕቃውን ማን ሠራው፣ ማንስ ሸጠው? ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ሾፌሩ ይታሰራል፣ ባለንብረቱ ይከፍላል፣ ነገሩም በዚያው ይዘጋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወልቂጤ ላይ የገጠመን ይህ ነበር። ለአንድ ዘመዴ የጭነት መኪና የተገጠመ አዲስ የፍሬን ሸራ በሳምንቱ ከብረቱ ተላቀቀ፤ መኪናው ቁልቁለት ላይ አልቆም ብሎ መንገድ ዳር የነበረን ወጣት እግሩን ሰበረው። እንደ አገሩ ወግ ሽማግሌዎች ገቡ፤ ዘመዴም ጥፋቱን አምኖ፣ ካሳ ከፍሎ ታረቀ። የሰባት ቤት ጉራጌ የጆካን ሸንጎ የመሰለ የዳኝነት ሥርዓት ያቆየ ሕዝብ ነውና በዕርቁ የሚያፍር የለም። ሆኖም ዘመዴ ወደ መድን ድርጅቱ ሲሄድ «ሳታማክረን ኃላፊነት አምነህ ከፍለሃል» ተባለ። ሻጩን እንዳይጠይቅ ደረሰኝ አልተቀበለም፤ የተላቀቀውንም ሸራ ጋራዡ ጥሎታል። ወጣቱም ከዕርቁ ገንዘብ ሌላ ያገኘው የለም።

ይህን ባሰብሁ ቁጥር 1950ዎቹ ትዝ ይሉኛል። ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ በሆነችው በቡታጅራ በኩል የሚያልፈው የዓለም ገና–ወላይታ ሶዶ መንገድ የተሠራው በዚያ ዘመን፣ በሕዝብ መዋጮ ጭምር ነው። የጉራጌ ተወላጆችም በራሳቸው የመንገድ ሥራ ድርጅት አማካይነት አገራቸውን ከመኪና ጋር አገናኙ። በዚያው ዘመን፣ በ1952 ዓ.ም.፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉና የንግድ ሕጉ ታወጁ። መንገዱና ሕጉ እኩያሞች ናቸው ማለት ይቻላል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2081 የመኪናን ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ያደርጋል። የማይነሣው ግን አንቀጽ 2085 ነው፤ ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ ያቀረበ ሰው፣ ዕቃው በአግባቡ ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ከዚህ የሚያመልጠው ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ ይችል የነበረ እንደሆነ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ በዘመኑ ቀላል ነገር አልነበረም። በአሜሪካ ማክፈርሰን የተባለ ሰው የቢዩክ መኪናው ጎማ የእንጨት ዘንጎች ተሰብረው ተጎድቶ፣ የኒውዮርክ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1916 ለእርሱ ሲፈርድ መነሻው የአምራቹ ቸልተኝነት ነበር። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያለ ጥፋት የሚመጣን የአምራች ኃላፊነት የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1963፣ የአውሮፓ ማኅበረሰብ ደግሞ በ1985 ነው። እኛ በወረቀት ላይ ቀድመናቸው ነበር።

ታዲያ ምን ጎደለን? የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ የሆነው በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559 ሲሆን፣ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ተተክቷል። ያ አዋጅ ሲወጣ ለአካል ጉዳት የተመደበው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። ከዚያ በላይ ለሚደርሰው ጉዳት ተበዳዩ ሌላ ተጠያቂ መፈለግ አለበት፤ አምራቹ ደግሞ ባሕር ማዶ ነው፣ ማስረጃውም ጋራዥ ውስጥ ይጣላል። ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት ካሳ መጠየቂያው ጊዜም ሁለት ዓመት ብቻ ነው። እንዲህ ሆኖ አንቀጽ 2085 «ላም አለኝ በሰማይ» ሆኖ ቀረ። እኛም አህያውን ፈርተን ዳውላውን እንመታለን።

እንግዲህ የተሰበረውን ዕቃ ጋራዡ አይጣለው፤ የፖሊስ ምርመራም ሾፌሩ ላይ አያብቃ፣ ዕቃውንም ይመርምር። መለዋወጫ የሚሸጥ ነጋዴ ደረሰኝ ይስጥ፣ ገዢም ሳይቀበል አይሂድ። ሽማግሌዎቻችንም ይታረቁ፣ ያስታርቁ፤ ነገር ግን የካሳው ነገር ከመቆረጡ በፊት መድን ሰጪው ይወቀው። መድን ሰጪዎችም ቢሆኑ ካሳ ከፍለው ፋይል ከመዝጋት ይልቅ፣ ደንበኛቸውን ተክተው እውነተኛውን ጥፋተኛ የመጠየቅ ልማድ ቢያዳብሩ ጥቅሙ ለራሳቸውም ነው።

አባቶቻችን መንገዱን አዋጥተው ሠሩት። እኩያው የሆነው ሕግ ግን ከስድሳ ዓመታት በኋላም ወልቂጤና ቡታጅራ አልደረሰም። ያን መንገድ የሚሠራው ማን ይሆን?

ቸር እንሰንብት።