የሕፃናት ፊዚዮቴራፒ፦ ድግግሞሹና የቆይታ ጊዜው እንዴት ይወሰናል?

ፊዚዮቴራፒ የመንቀሳቀስ ችግር ያለባቸው ሕፃናት መቀመጥ፣ መቆም፣ መራመድና የዕለት ተግባራቸውን ማከናወን እንዲችሉ የሚያግዝ የተሃድሶ ሕክምና ነው። ለሁሉም ሕፃን የሚስማማ አንድ የቀጠሮ ቁጥር የለም፤ የቀጠሮ መብዛት ብቻውንም የተሻለ ውጤት አያስገኝም።

የውሳኔው መሠረቶች

• የሕክምናው ግብ፦ ግቡ ከሕፃኑ ኑሮ ጋር የተያያዘና የሚለካ መሆን ይኖርበታል። በሐረር ፈላና በር አካባቢ የሚኖር ልጅ በጀጎል ጠባብ፣ ዳገትና ቁልቁለት በበዛባቸው መተላለፊያዎች መንቀሳቀስ ስለሚያስፈልገው፣ በሆስፒታል ደልዳላ ወለል ላይ መራመዱ ብቻ በቂ አይሆንም።
• ሕፃኑ የሚገኝበት ወቅት፦ አዲስ ችሎታ ለመያዝ የተቃረበ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወይም የነበረውን ችሎታ እያጣ ያለ ሕፃን በተቀራረበ ቀጠሮ ይታያል።
• የባለሙያ አስፈላጊነት፦ ቤተሰብ በቤት ውስጥ በአግባቡ ሊያሠራው የሚችለው እንቅስቃሴ ሲበዛ የሆስፒታል ምልልስ ይቀንሳል።
• የቤተሰብ ሁኔታ፦ ርቀት፣ የትራንስፖርት ወጪና ሕፃኑን የሚንከባከበው ሰው ጊዜ ከግምት ይገባሉ።

የቀጠሮ ደረጃዎች

1. የተጠናከረ፦ በሳምንት 3 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ለተወሰነ ወቅት ብቻ፤
2. መደበኛ፦ በሳምንት 1 ወይም 2 ጊዜ፣ አልያም በ2 ሳምንት አንድ ጊዜ፤
3. ክትትል፦ በወር አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ ባነሰ፤
4. ምክር፦ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ።

ሕፃኑ እንደ ለውጡ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ሴሬብራል ፖልሲ ያለበት ልጅ ለረጅም ዓመታት ድጋፍ ቢያስፈልገውም በየሳምንቱ ያለማቋረጥ መታከም ላይኖርበት ይችላል። ቀጠሮው ሲራራቅ ሕክምናው ተቋረጠ ማለት አይደለም፤ የቤት ውስጥ ልምምዱ ግን መቀጠል አለበት።

የጊዜ ሰሌዳው የተወሰነ ሕክምና

ከቆልማማ እግር ጋር ለተወለዱ ሕፃናት በፖንሴቲ ዘዴ የሚሰጠው ሕክምና የታወቀ ሰሌዳ አለው። ጄሶው በየሳምንቱ ይቀየራል፤ ለአብዛኞቹ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ልዩ ጫማው ለ3 ወራት በቀን 23 ሰዓት፣ ቀጥሎም በእንቅልፍ ጊዜ እስከ 4 ወይም 5 ዓመት ዕድሜ ይደረጋል። እግሩ ተስተካክሏል በሚል ጫማውን ማቋረጥ ችግሩ ተመልሶ እንዲመጣ ያደርጋል። ጄሶ የተደረገለት ሕፃን ጣቶች ካበጡ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ቀለማቸው ከተለወጠ የቀጠሮ ቀን ሳይጠበቅ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።

ከወላጆች የሚጠበቅ

• ከምሥራቅ ሐረርጌ ወረዳዎች ሐረር ወደሚገኘው ሕይወት ፋና ሆስፒታል በሪፈር እንደሚላኩት ቤተሰቦች ከሩቅ የሚመጡ ከሆነ፣ መመላለስ የሚችሉበትን መጠን በመጀመሪያው ቀን ለባለሙያው ያስረዱ። ሊከበር የሚችል ቀጠሮ በመሐል ከሚቋረጥ የተጠናከረ ሕክምና ይመረጣል።
• የሕክምናው ግብ ምን እንደሆነና ለውጡ መቼ እንደሚገመገም ይጠይቁ።
• የቤት ውስጥ ልምምዱን በባለሙያው ፊት ሠርተው ያሳዩ።
• ሕፃኑ ይችለው የነበረውን ነገር ካቃተው ወይም ሲንቀሳቀስ ሕመም ከተሰማው ቀጠሮው እንዲቀረብ ያመልክቱ።