አገናኝና ዋስ፤ ከእምድብር እስከ አዲስ አበባ የሄደው የሥራ መንገድ

ስለ አዲስ አበባ አቈራቈር የተጻፉት መጻሕፍት በብዛት የሚተርኩልን ስለ ቤተ መንግሥቱ፥ ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ፥ ስለ ምድር ባቡሩና ስለ ውጭ አገር ሌጋሲዮኖች ነው። ድንጋዩን የተሸከመው፥ ጭቃውን ያቦካውና ሸቀጡን ከገበያ ወደ መጋዘን ያደረሰው ሠራተኛ ግን በምን መንገድ ወደ ከተማው እንደ ገባ፥ ማን ጠርቶ እንዳመጣውና ማን ከአሠሪው ጋር እንዳገናኘው ብዙ አልተጻፈም። ዛሬ ሠራተኛ መልምሎ ከአሠሪ ጋር ማገናኘት ኤጀንሲ በተባሉ ድርጅቶች የሚካሄድ ትልቅ ሙያ ሆኗል። የሙያው ሥር ግን ከቢሮና ከማኅተም በፊት የነበረ ነው። ይህን ሥር ለመመርመር በጉራጌ አገር፥ በቸሃ የምትገኘውን እምድብርን ምሳሌ ልናደርግ አስበናል።

የቸሃ ሰው ኑሮ ከጥንት ጀምሮ በእንሰት ላይ የተመሠረተ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ላይ ሕዝቡን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ መሰየሙ ስለዚህ ነው። በእንሰት እርሻ ጉድጓድ መቈፈሩና ችግኙን እያዛወሩ መትከሉ የወንዶች፥ መፋቁና ቆጮ ማድረጉ ደግሞ የሴቶች ድርሻ ነው። ስለሆነም ወንዱ የድርሻውን ካከናወነ በኋላ ጥቂት ወራት ከቤቱ ርቆ ቢሠራ ቤተ ሰቡ ጦሙን አያድርም። እንግዲህ አዲስ አበባን በጉልበቱ ከሠራት የጉራጌ ወንድ ክንድ በስተጀርባ፥ በጓሮዋ እንሰት ቤቱን ያቆመችው የጉራጌ ሴት ድካም መኖሩን መዘንጋት አይገባም።

ከቤት ርቆ መሥራት መቻል ግን ለመሄድ ብቻውን ምክንያት አይሆንም። አዲስ አበባ የተቈረቈረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። በሐሰን እንጃሞ መሪነት ሲደረግ የነበረው ውጊያ አብቅቶ ምዕራብ ጉራጌ በዐፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር የጠቀለለውም ከዚያ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነበር። ከዚህ ወዲህ ግብር መክፈያ ብር ማግኘት ግዴታ ሆነ፤ መሬቱም ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲመዛዘን ጠባብ ነበር። አዲሲቱ ከተማ ደግሞ ጉልበት ትፈልግ ነበር። ችግርና ፍላጎት በዚህ ዓይነት ተገናኙ።

ያገናኛቸው ማን ነው? በጊዜው ቢሮ የለም፥ ማስታወቂያ የለም፥ ጋዜጣ የሚያነብም ጥቂት ነው። የአገናኝነቱን ሥራ የሠራው ቀድሞ የሄደው ዘመድ ነበር። ከከተማ የሚመለሰው ሰው አገሩ የሚገባው ለመስቀል ነው። በመስቀል ዕርድ ይታረዳል፥ ክትፎው ይቀርባል፥ የተጣላ ይታረቃል፥ ጋብቻ ይታሰባል፤ የከተማው ወሬም ይወራል። በዓሉ ሲያልፍ ያ ሰው ወደ ሥራው የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ብቻውን አልነበረም። የወንድሙን ልጅ ወይም የጎረቤቱን ልጅ አስከትሎ ይሄዳል። አዲስ መጡን በቤቱ ያሳድረዋል፥ ያበላዋል፥ መንገዱን ያሳየዋል፥ አማርኛም ያስተምረዋል። ከዚያም በኋላ ለሸክም፥ ለሊስትሮነት፥ ወይም በሱቅ ለመላላክ ከሚያውቀው ሰው ዘንድ ያስገባዋል።

የዚህን አገናኝ ጠባይ በደንብ ያስተዋልነው እንደ ሆነ፥ ሥራው ሁለት ሰዎችን ማስተዋወቅ ብቻ እንዳልነበረ እንረዳለን። እርሱ በሁለቱም ወገን ዋስ ነበር። ከሱቁ ዕቃ ቢጎድል ባለሱቁ የሚጠይቀው እርሱን ነው። ልጁ ቢበደል፥ ቢታመም ወይም ቢጠፋ ደግሞ በሚመጣው መስቀል አባትየው የሚጠይቀው ያንኑ ሰው ነው። ጉዳዩ ቢከር በአገር ሽማግሌዎች ፊት ይቀርባል፤ የሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ቂጫ የሚባል ሥርዐት ያለው ሕዝብ ነውና። ከዚያ ሸንጎ ፊት ስሙን ያጎደፈ ሰው በከተማ የቱንም ያህል ቢከብር በአገሩ አይከበርም። የአገናኙ ትርፍም ልጁ በሥራው ሲጸናና ሲሻሻል የሚገኝ ነበር፤ ዛሬ ያስገባው ልጅ ነገ የራሱን ሱቅ ከፍቶ ሌላውን ያስገባለታልና። በከተማው የተስፋፉት እቁብና እድርም በዚሁ በመተማመን ላይ የቆሙ ናቸው። አስቀድሞ እቁብ የሚወስድ ሰው ዋስ መጥራቱ የዚያው ልማድ ሌላው ገጽ ነው።

ይህን ስንል የቀድሞውን ሁሉ ለማመስገን አይደለም። ዘመድ የሌለው ልጅ በዚህ መንገድ በር አይከፈትለትም ነበር። ብዙዎችም ደመወዝ የሚባል ሳይቈረጥላቸው በምግብና በልብስ ብቻ ለዓመታት አገልግለዋል። ስድቡም ነበረ፤ የከተማው ሰው ሸክም የሚሸከመውን ሁሉ ከየትም ይምጣ ከየት «ጉራጌ» ብሎ እስከ መጥራት ደርሶ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው እየሰደቡ የሚያዋርዱትን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የእጅ ሥራና የጉልበት ሥራ ምን ያህል ይናቅ እንደ ነበር ያስረዳል። የተናቀውን ሥራ ሳይንቅ የሠራው ሰው ግን ከሸክም ወደ ሊስትሮ፥ ከሊስትሮ ወደ ጉልት፥ ከጉልት ወደ ሱቅ እያለ ከፍ አለ።

ከተማው እየሰፋ በሄደ ቍጥር ዘመድ ብቻውን ሊያዳርስ አልቻለም። በዚህ ጊዜ ደላላ ተነሣ። ደላላ ሠራተኛውን አያሳድርም፥ የአባቱንም ቤት አያውቅም። የሚከፈለው ሰውየው ሥራ ሲይዝ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከአሠሪውም ከሠራተኛውም ይቀበላል። ሠራተኛዋ በአንድ ቤት ዐሥር ዓመት ብትቈይ ደላላው የሚያገኘው አንድ ጊዜ ነው፤ በየሦስት ወሩ ብትለቅ ግን በየሦስት ወሩ ያገኛል። ስለሆነም ዘመድ የሚጠቀመው ሠራተኛው ሲጸና ሲሆን፥ ደላላ የሚጠቀመው ሲናወጥ ነው። ይህን ልዩነት የፈጠረው የሰዎቹ ክፋትና ደግነት ሳይሆን የአከፋፈሉ ሥርዐት መሆኑን ልብ ይሏል።

ነገሩ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። «ኩሊ» የምንለው ቃል ራሱ ከህንድ አገር ተነሥቶ ዓለምን የዞረው፥ በ19ኛው መቶ ዓመት ድኾች በውል እየታሰሩ ወደ ሩቅ ደሴቶች የሸንኮራ እርሻ በተጓዙበት ዘመን ነው። በደቡብ አፍሪቃም በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ የወርቅ ማዕድን ባለቤቶች ተባብረው ታላቅ የመልማይ ድርጅት አቋቁመው ነበር። ወኪሎቹ ከሞዛምቢክና ከሌሎችም አገሮች ወጣቶችን እየሰበሰቡ ወደ ጉድጓዱ ይልኩ ነበር። በዚያ ንግድ መልማዩ የሚመዘነው ባቀረበው ሰው ብዛት ነው፤ የሄደው ሰው በደኅና ተመለሰ ወይ ብሎ ግን የሚጠይቀው ጎረቤት አልነበረም።

በአገራችን መንግሥት ነገሩን በሕግ መያዝ የጀመረው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥራ ውል ደነገገ። በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ በትእዛዝ ቍጥር 26 የሕዝብ ሥራ ማስያዣ አስተዳደር ተቋቋመ። በ1955 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ነጻ የሕዝብ ሥራ ማገናኛ አገልግሎት እንዲኖር የሚያዘውን 88ኛውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት አጸደቀች። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 210 ወጣ። በደርግ ዘመን ሠራተኛ የሚቀጠረው በመንግሥት ቢሮ በኩል እንዲሆን ተደረገ። ከዚያ በኋላ በአዋጅ ቍጥር 104/1990 የግል ኤጀንሲዎች በሕግ ታወቁ፤ በ1991 ዓ.ም.ም ኤጀንሲ ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይቀበል በመሠረቱ የሚከለክለው 181ኛው ስምምነት ጸደቀ።

ከዚህ ወዲህ የሥራው ስፋት ከቀድሞው ጋር የሚነጻጸር አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ በሚልዋኪ ከተማ እንደ ተመሠረተው እንደ ማንፓወር ያሉ ድርጅቶች ሠራተኛን ራሳቸው ቀጥረው ለሌላ ድርጅት በማሰማራት በዓለም ዙሪያ ተስፋፍተዋል። በእኛም ከተሞች ብዙ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች በዚህ ዓይነት ይሠራሉ። ሌሎች ኤጀንሲዎች ደግሞ ወጣቶችን ወደ ዐረብ አገሮች ይልካሉ። ይህ ጒዞ ያስከተለው መከራ ከፍ ብሎ በመታየቱ መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ጒዞውን አገደ። በዚያው ዓመት ከ160 ሺሕ የሚበልጡ ዜጎች ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመለሱ። እገዳው በ2010 ዓ.ም. እስኪነሣ ድረስ አዋጅ ቍጥር 923/2008 ወጥቶ ነበር።

በነዚህ ሕጎች ውስጥ አንባቢ በተለይ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ሠራተኛ ወደ ውጭ አገር የሚልክ ኤጀንሲ ፈቃድ ሲያወጣ የዋስትና ገንዘብ ያስይዛል። ሠራተኛው ቢበደል ወይም ችግር ላይ ቢወድቅ ከዚያ ገንዘብ እንዲረዳ ማለት ነው። ይህ እንግዳ ፈጠራ አይደለም። የእምድብሩ ሽማግሌ «ልጄን የት አደረስኸው?» ብሎ የሚጠይቀውን ጥያቄ ሕጉ በብር ተረጐመው እንጂ። በዝምድና የነበረው ተጠያቂነት በባንክ ሒሳብ ተተካ።

ይሁንና ገንዘቡ መያዙ ብቻ ጥያቄውን አይመልሰውም፤ ጠያቂ ያስፈልገዋል። በቀድሞው ጊዜ አባትየው አገናኙን በዓይኑ ያገኘው ነበር። ዛሬ ግን አገናኙ በአንድ ከተማ፥ አሠሪው በሌላ አገር፥ እናትየው በገጠር ናቸው። በመካከላቸው ቆሞ በአባትና በእናት ፈንታ የሚጠይቀው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ስለዚህ በፈቃድ ሰጪው ጠረጴዛ የተቀመጠ ሹም የድርጅቱን ወረቀት መሙላት ብቻ መመልከት አይበቃውም። የላከው ሰው የት እንዳለ፥ ደመወዙ በእጁ መግባቱን፥ ለአገናኙ የከፈለውም ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባዋል። መምህራንም ለተማሪዎቻቸው ውል ማንበብን ቢያስተምሩ፥ ብዙ ልጆችን ከማያውቁት ሰው እጅ ያድናሉ።

ከእምድብር በእግሩ የወጣው የቀድሞ ወጣት ንብረት አልነበረውም፥ የሚያነበው ውልም አልነበረውም። የሚጠየቅለት ሰው ግን ነበረው። ዛሬ ውልም፥ አዋጅም፥ መሥሪያ ቤትም አለን። ከአዋጁ ጋር ያንን ጠያቂ ልብ የጨመርንበት እንደ ሆነ፥ አገናኝ የሚለው ስም እንደ ቀድሞው ዋስ ከሚለው ስም ጋር አንድ ይሆናል።